ግብፅ በኅዳር፦ ካይሮ፣ አስዋን፣ ሉክሶርና ቁስቋም (የ10 ሌሊት ዕቅድና የሆቴል አያያዝ)

የጣናዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለአራት ሰው የግብፅ ጉዞ እያቀድኩ ነው። ረቂቁ ከታች አለ፤ የሚታረመውን አርሙልኝ።

ተጓዦቹ እናቴ (68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የምትመጣው ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ፓስፖርት)፣ እኔና ሁለት ልጆች (11 እና 7፣ ከሜሪላንድ በአሜሪካ ፓስፖርት)። ካይሮ የምንገናኘው ኖቬምበር 7 ሲሆን የምንለያየው ኖቬምበር 17 ነው።

ረቂቅ፦ ካይሮ መሀል ከተማ 4 ሌሊት፣ ከዚያ ወደ ሉክሶር በረራ፣ ከሉክሶር አስዋን በመርከብ 4 ሌሊት፣ በአውሮፕላን ተመልሶ ካይሮ 2 ሌሊት። ለሁለት ክፍል በአዳር እስከ 130 ዶላር መድቤያለሁ። እናቴ ኅዳር 6ን (የቁስቋም ማርያምን በዓል) ደብረ ቁስቋም ገዳም ማክበር ትፈልጋለች፤ ኖቬምበር 15 ላይ ይውላል።

ጥያቄዎቼ፦ ሆቴል ፒራሚዶቹ አጠገብ ይሻላል ወይስ መሀል ከተማ? ሉክሶር ላይ ከወንዙ በየትኛው በኩል? ቁስቋምስ በዚህ ዕቅድ ይገባል?

ካርታ ገላጭ፦

እህቴ፣ ዕቅድሽ የሚሰናከለው በመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ጀምሪ። በዚህ ጉዞ ውስጥ ቀኑ የማይነቃነቅ አንድ ነገር ብቻ አለ፣ እሱም ኅዳር 6 ነው። ሌላው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ይደረደራል።

ደብረ ቁስቋም (ግብፆች ደይር አል ሙሐረቅ ይሉታል) ያለው በአስዩት ግዛት ነው፣ ከካይሮ በስተደቡብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ። አስዩት ደግሞ በካይሮና በሉክሶር መካከል የምትገኝ የባቡር ከተማ ናት። በረቂቅሽ ግን ከአስዋን ካይሮ በአውሮፕላን ትመለሳላችሁ፤ በላይዋ አልፋችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው። ከካይሮ ተነስቶ ለቁስቋም ብቻ ደርሶ መመለስ ለእናትሽ ከባድ ነው።

መፍትሔው መንገዱን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ በአውሮፕላን እስከ ደቡብ ጫፍ ውረዱ፣ ከዚያ በየብስ ወደ ሰሜን እየወጣችሁ ተመለሱ፦

ኖቬምበር 7 እና 8፦ ጊዛ (ፒራሚዶቹ አጠገብ)፣ 2 ሌሊት።
9 እና 10፦ ጠዋት በረራ ወደ አስዋን፣ 2 ሌሊት።
11፣ 12፣ 13፦ ከአስዋን በመኪና ወደ ሉክሶር (መንገድ ላይ ኮም ኦምቦና ኤድፉ)፣ ሉክሶር 3 ሌሊት።
14፦ በጠዋት ባቡር አስዩት፣ 1 ሌሊት።
15፦ ቁስቋም ውሎ፣ ማታ በባቡር ካይሮ።
15 እና 16፦ ካይሮ መሀል ከተማ፣ 2 ሌሊት። 17 መመለሻ።

ከአስዋን ሉክሶር በመኪና 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኮም ኦምቦ ቤተ መቅደስ ወንዙ ዳር ቆሟል፤ አጠገቡ የአዞ ሬሳዎች የሚታዩበት ትንሽ ሙዚየም አለ፣ ልጆቹ አይረሱትም። ኤድፉ ያለው የሆሩስ ቤተ መቅደስ ጣሪያው ሳይቀር የቆመ ነው። ሁለቱን ካያችሁ ቀኑ ይሞላል፤ ከሁለት በላይ አትጨምሪ። በኖቬምበር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያመሸ ሁሉ በጨለማ ይነዳል።

ሰነድ መርማሪ፦

ከሆቴሉ በፊት ሰነዱ። ሁለት ዓይነት ፓስፖርት ያለው ቤተሰብ የሚሳሳተው ሁሉን በአንድ ቀን ከፍሎ በመጨረሱ ነው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ሦስታችሁ በኤሌክትሮኒክ ቪዛ ወይም ካይሮ አየር ማረፊያ ስትደርሱ መግባት ትችላላችሁ። ሲደርሱ የሚገዛው ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ጋ ሳይደረስ ካሉት የባንክ መስኮቶች ነው። ለረጅም ዓመታት 25 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ዋጋውን አረጋግጪ። ለልጆቹም እንደ አዋቂ ለየብቻ ይከፈላል። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን።

እናትሽ ግን ከአዲስ አበባው የግብፅ ኤምባሲ አስቀድመው ቪዛ መያዝ አለባቸው። ለማመልከቻው የሆቴል ማረጋገጫ ይፈለጋል፤ ማረጋገጫው ላይ የእሳቸው ስም በፓስፖርታቸው እንደተጻፈው መኖር አለበት። የማስያዣ ድረ ገጾች የሚያትሙት የያዘውን ሰው ስም ብቻ ስለሆነ አንዱን ክፍል በቀጥታ በእሳቸው ስም ያዢ። ስምና የአባት ስም ብቻ አስገብተሽ የአያት ስም ከቀረ፣ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አይገጥምም። የአያትን ስም በመጨረሻው የስም ሣጥን ጨምሪ።

ቪዛው እስኪወጣ ድረስ በነፃ የሚሰረዝ ክፍል ብቻ። የማይመለሰው ክፍል ቅናሹ ቢያጓጓም አትንኪው።

ሌላው ቢጫ ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ ግብፅ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነውና በመጨረሻው ሳምንት የተወጋ ሰው በረራው ላይ ይቸገራል። ድሮን ይዞ መግባትም ክልክል ነው፣ ይወረሳል፤ የ11 ዓመቱ ልጅ አሻንጉሊት ቢሆንም ቤት ይቅር።

የመዓዲዋ፦

የካይሮውን ለሁለት መክፈሉ ትክክል ነው። ካይሮና ጊዛ በካርታ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ግን ከመሀል ከተማ ፒራሚዶቹ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ የጊዛውን ሁሉ ጨርሱ፣ የከተማውን ለመጨረሻ አቆዩት።

ጊዛ ላይ ርካሾቹና እይታ ያላቸው ቤቶች ያሉት በስፊንክሱ ፊት ለፊት ባለው ናዝለት አል ሰማን ሰፈር ነው። ጣሪያቸው ላይ ቁርስ ሲቀርብ ሦስቱ ፒራሚዶች ፊት ለፊት ናቸው፣ ይህ እውነት ነው። ፎቶው የማያሳየው ደግሞ ይኸው፦ ሰፈሩ የፈረስና የግመል ጋጣ ነው፣ ሽታውና ዝንቡ አብሮ አለ፤ መንገዱ አስፋልት ያልለበሰ ስለሆነ ሻንጣ መጎተት አይመችም፤ ብዙዎቹ ሕንፃዎች ሊፍት የላቸውም፤ ማታ የድምፅና የብርሃን ትርዒቱ መስኮት ድረስ ይሰማል። ለእናትሽ ሊፍት ያለው ወይም አንደኛ ፎቅ መሆኑን በጽሑፍ ሳታረጋግጪ አትያዢ።

«ከመግቢያው 3 ደቂቃ» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥምሽ የትኛው መግቢያ ብለሽ ጠይቂ። ከ2025 ወዲህ ዋናው የጎብኚ መግቢያ ወደ ፋዩም መንገድ በኩል ዞሯል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ለእናትሽ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ድሮ ያ ሁሉ አሸዋ በእግር ነበር። «በሩ ዛሬ ዝግ ነው፣ በዚህ ና» የሚል ሰው መንገድ ላይ ቢያስቆማችሁ የግመል ደላላ ነው፤ ሾፌሩን ቀጥል በሉት።

የኩፉ ፒራሚድ ውስጥ መግቢያ ትኬቱ ለብቻ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው መተላለፊያ ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፣ 39 ሜትር ያህል ጎንበስ ተብሎ ነው የሚታለፈው። ጉልበት ለሚያመው አይሆንም። አንቺና ልጆቹ ስትገቡ እሳቸው የሚጠብቁበት ጥላ አስቀድመሽ ፈልጊ።

ታላቁ የግብፅ ሙዚየም (በኖቬምበር 2025 ሙሉ በሙሉ የተከፈተው) ከፒራሚዶቹ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ትኬቱ በሰዓት የተከፋፈለ ስለሆነ ከሙዚየሙ የራሱ ድረ ገጽ አስቀድመሽ ግዢ። አዳራሹ መግቢያ ላይ 11 ሜትር የሚረዝመው የራምሴስ ሁለተኛ ሐውልት ይቀበላችኋል፤ የቱታንካሙን ዕቃዎች ከ5,000 በላይ ናቸው፣ በአንድ ቦታ ተሰብስበዋል። ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን ስጪ።

ሒሳብ ሹም፦

130 ዶላርሽ ላይ ልግባ። ግብፅ ውስጥ ሆቴሉ በቀጥታ የሚነግርሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ ግብርን አይጨምርም። 12 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 14 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ። 100 ዶላር የተባለ ክፍል መጀመሪያ 112 ይሆናል፣ ከዚያ 127.68። አነስተኛ የከተማ ግብርም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከግብር በፊት ያለው ዋጋ ለሁለቱ ክፍል 100 ዶላር አካባቢ መሆን አለበት። ድረ ገጹ ላይ «ግብርን ይጨምራል» የሚለው መስመር እስኪታይሽ ድረስ ወደ ታች ውረጂ፤ የመጨረሻውን ድምር ስክሪን ሾት አድርገሽ አስቀምጪ። ሪሰፕሽን ላይ ክርክር ቢነሳ የሚረዳሽ እሱ ነው።

ክፍያው በምን ገንዘብ እንደሆነም እይ። በማርች 2024 የግብፅ ፓውንድ ከዶላር 31 ገደማ ወደ 50 ገደማ በአንዴ ወርዷል። ከዚያ በፊት የተጻፈ የዋጋ መረጃ ሁሉ አይሠራም።

ቅርሶቹ ጋ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ በአብዛኞቹ ትኬት መሸጫዎች ከውጭ ዜጋ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ካርድ ብቻ ነው። ሁለት የተለያዩ ባንኮች ካርድ ያዢ፤ አንዱ ቢታገድ በሩ ላይ ትቆማላችሁ። ለሽንት ቤት፣ ለሻንጣ ተሸካሚና ለጀልባ ልጆች ግን የ5፣ የ10 እና የ20 ፓውንድ ዝርዝር ያስፈልጋል። መልስ ስትቀበሉ 50 ፓውንድ የተባለው ኖት 50 ፒያስተር እንዳይሆን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን አንብቡ። 100 ፒያስተር አንድ ፓውንድ ነው፤ 50ው የግማሽ ፓውንድ ኖት ነው ማለት ነው።

መርከበኛው፦

@ካርታ ገላጭ መርከቡን ሙሉ በሙሉ ማስቀረትህ አልተዋጠልኝም። ለትልቅ ሰው ከመርከብ የተሻለ የለም። ሻንጣ አንዴ ይፈታል፣ ምግቡ እዚያው ነው፣ ክፍሉ አብሮ ይጓዛል። ከአስዋን ወደ ሉክሶር የሚወርደው 3 ሌሊት ነው፣ ከሉክሶር የሚወጣው ደግሞ 4።

ካርታ ገላጭ፦

@መርከበኛው ቀን ቢተርፋቸው እኔም መርከቡን እመርጥ ነበር። ችግሩ የመነሻው ቀን ነው፤ መርከቦቹ በሳምንት በተወሰኑ ቀኖች ነው የሚነሱት፣ ብዙውን ጊዜ ከአስዋን ረቡዕ ወይም ዓርብ። በዚያ ላይ ከሦስቱ ሌሊቶች የመጀመሪያው መርከቡ ሳይንቀሳቀስ እዚያው አስዋን ወደብ ላይ ሊያልፍ ይችላል። የሉክሶሩ ጊዜ ያልቃል፣ 14 ላይ አስዩት መድረስም አይቻልም። ቁስቋምን ወይም ሉክሶርን መተው አለባቸው፤ ሁለቱንም ማስተው አልፈልግም።

መርከበኛው፦

እሺ፣ ለቀኑ ስል ተረታሁ። ሌላ ሰው ይህን ክር አይቶ መርከብ ቢይዝ ግን ይህን ይወቅ፦ ኤድፉና ሉክሶር ላይ መርከቦች ጎን ለጎን ተደርድረው ነው የሚቆሙት። አራትና አምስት ሲደራረቡ ወደ ዳር የሚወጣው በሌሎቹ መርከቦች አዳራሽ ውስጥ እያለፉ ነው፤ የከፈሉበት የናይል እይታም የጎረቤት መርከብ ግድግዳ ይሆናል። የታችኛው ፎቅ ክፍል የሞተሩም ድምፅ አለበት። ከመሀል ፎቅ ወደ ላይ፣ ከሞተሩ ራቅ ያለውን ጠይቁ። የመርከቡ ሠራተኞች ጉርሻ በዋጋው ውስጥ የለም፣ በመጨረሻው ሌሊት ይሰበሰባል።

ምዕራብ ዳር፦

የሉክሶሩን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ምሥራቁ ዳር ከተማው ነው፦ የካርናክና የሉክሶር ቤተ መቅደሶች፣ ባቡር ጣቢያው፣ ሊፍት ያላቸው ትልልቅ ሆቴሎች። ምዕራቡ ዳር መቃብሮቹ ናቸው፦ የነገሥታት ሸለቆ፣ የሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ፣ እርሻና ጸጥታ፣ አትክልት ቦታ ያላቸው ትናንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች። ዋጋውም በምዕራብ ይቀንሳል፤ በአንቺ በጀት ለአራት ሰው ሙሉ አፓርታማ የሚገኘው እዚያ ነው።

የእኔ ምክር ሁለት ሌሊት ምዕራብ፣ የመጨረሻውን ሌሊት ምሥራቅ ነው። ምክንያቱም የነገሥታት ሸለቆ የሚከፈተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ምዕራብ ያደረ ሰው በ15 እና በ20 ደቂቃ በሩ ላይ ይደርሳል፤ ከምሥራቅ በመኪና የሚመጣ ድልድዩ በስተደቡብ ርቆ ስለሚገኝ ዞሮ ነው የሚመጣው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የቡድን አውቶቡሶች ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ መቃብሩ ውስጥ ያለው የሰው ትንፋሽና ሙቀት ትልቅ ሰው ያዳክማል። 14 ላይ ደግሞ የጠዋት ባቡር ስላላችሁ ጣቢያው አጠገብ ማደሩ ይጠቅማል።

ሸለቆው ላይ አጠቃላይ ትኬቱ ሦስት መቃብር ያስገባል። የቱታንካሙን፣ የሴቲ አንደኛና የራምሴስ አምስተኛና ስድስተኛ መቃብሮች ለየብቻ ተጨማሪ ትኬት አላቸው። ለእናትሽ የራምሴስ አራተኛን (ቁጥር 2) አስቀድሚ፤ ሰፊ ነው፣ ተዳፋቱም ቀላል፣ ጣሪያው በሰማያዊ ሥዕል የተሞላ። የቱትሞስ ሦስተኛው (ቁጥር 34) መግቢያው ራሱ ገደል ላይ በደረጃ ተወጥቶ እንደገና የሚወረድበት ነውና ይቅርባቸው። የቱታንካሙን ክፍል ትንሽ ነው፣ ዕቃው በአብዛኛው ጊዛ ወዳለው ታላቁ ሙዚየም ሄዷል፤ ግን የንጉሡ ሬሳ እዚያው አለ፣ ልጆች ያንን ይወዳሉ።

ሐትሼፕሱት ጋ ስትሄዱ ሁለተኛው እርከን ላይ በግራ በኩል ያለውን የዓምድ አዳራሽ እንዳታልፉት። የንግሥቲቱ መርከቦች ወደ ፑንት ምድር ሄደው ዕጣን፣ ዝንጀሮና የዕጣን ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት ተሸክመው ሲመለሱ ተቀርጿል። ፑንትን ብዙ ተመራማሪዎች የሚያስቀምጡት እኛው አካባቢ፣ በቀይ ባሕር ደቡብና በአፍሪካ ቀንድ ነው። ለሐበሻ ልጅ ከመላው ሉክሶር ቆሞ ሊያየው የሚገባው ግድግዳ ይህ ነው። ቤተ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ቅርጹ ጎልቶ የሚታየው በጠዋት ብርሃን ነው።

የሉክሶር ቤተ መቅደስን ለማታ አቆዩት፤ መብራት ሲበራ ሌላ ነው። ወንዙን በሕዝብ ጀልባ መሻገር ርካሽ ነው፤ ወደ ጀልባው የሚወስደው ደረጃ ስላለ እናትሽን ደግፉ።

የመዓዲዋ፦

ስለ ቁስቋምና ስለ ጾሙ።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ገዳሙ ውስጥ ማደሪያ አገኛለሁ ብለሽ አትነሺ። አስዩት ከተማ እደሩ። የአስዩት ሆቴሎች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንድ ርካሽ ቤት የውጭ ዜጋ አይቀበልም፣ ስለዚህ ድረ ገጽ ላይ ብታገኚውም ደውለሽ «አራት የውጭ ፓስፖርት ነን» በያቸው። ከአስዩት ገዳሙ ድረስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ነው። በዚያ አካባቢ ቱሪስት ፖሊስ አጃቢ ሊመድብ ይችላል፤ ስትወጡና ስትገቡ ሊያዘገዩአችሁ ይችላሉ፣ ሾፌራችሁ ስልክ እንዲመልስ ይሁን። የማታውን ባቡር ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትያዢ።

ባቡሩን ከምድር ባቡሩ ድረ ገጽ ግዢ። ወደ ካይሮ ስትመለሱ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን መውረጃ እዪ፦ ራምሴስ፣ ጊዛ ወይም በ2024 የተከፈተው ባሽቲል ሊሆን ይችላል። ሆቴሉ መሀል ከተማ ከሆነ ራምሴስ ነው የሚቀርበው።

ጾሙ፦ ከኖቬምበር 7 እስከ 14 ያለው ጊዜ የእኛ ጾመ ጽጌ ነው፣ እናትሽ የሚጾሙት ከሆነ። ግብፆቹ ይህን ጾም አይጾሙትም፤ ስለዚህ ክርስቲያን ባለሆቴልም ቢሆን አይጠብቀውም፣ መንገር አለብሽ። «ሲያሚ» በዪ፤ የጾም ምግብ ማለት እንደሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቃል። አንድ ጥንቃቄ፦ እነሱ በአንዳንድ ጾሞቻቸው ዓሣ ይበላሉ፣ ስለዚህ «ያለ ዓሣ» ጨምሪበት። ፉል፣ ታዕሚያ (የባቄላ ጥብስ) እና ኩሻሪ (ሩዝ፣ ምስር፣ ማካሮኒ፣ ሽምብራና የተጠበሰ ሽንኩርት ከቲማቲም ስጎ ጋር) የትም አለ። ፉሉ ላይ ቅቤ የሚጨምር ስላለ በዘይት ይሁን በሉ።

16 ላይ የድሮውን የቅብጥ ሰፈር እዩ። ከሳዳት ጣቢያ በሜትሮ አራተኛው ጣቢያ ማር ጊርጊስ ነው፤ ሲወጡ ተንጠልጣዩ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ፊት ለፊት ነው። ትንሽ ገባ ሲባል ቅድስት ቤተሰብ አርፋበታለች የሚባለው የአቡ ሰርጋ ዋሻ አለ። ጊዜ ከተረፈ አባሲያ ያለው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተውበታል።

መሀል ከተማ ሆቴል ስትይዢ፦ ብዙዎቹ የአሮጌ ሕንፃ አንድ ፎቅ ብቻ የያዙ ናቸው። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ሊፍቱ የሆቴሉ ነው ወይስ የሕንፃው፣ ከሊፍቱ በፊት ስንት ደረጃ እንዳለ ጠይቂ።

የጣናዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካርታ ገላጭን ቅደም ተከተል ወስጃለሁ፤ ሉክሶርንም ሁለት ምዕራብ፣ አንድ ምሥራቅ አደርገዋለሁ። የቀረኝ አስዋን ነው። የኖባ ቤቶች ያሉበት ደሴት ላይ ማደር ልጆቹ ይወዱታል፤ ለእናቴስ? አቡ ሲምበልን (ከአስዋን በስተደቡብ ያለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ) ኖቬምበር 10 ማየት ይቻላል?

ካርታ ገላጭ፦

ደሴቱ ያምራል፣ ግን ለመውጣትም ለመግባትም ጀልባ ነው፤ የጀልባ መውረጃው ደረጃ ዳገታም ነው፣ መደገፊያ የሌለውም አለ። ወንዙ ዳር ባለው ዋና መንገድ ላይ እደሩ፣ ወደ ደሴቱ ቀን ተሻገሩ። መንገድ ዳር ስለሆነ የናይል እይታ ያለውን ክፍል ከአራተኛ ፎቅ በላይ ጠይቂ፤ ከታች ጡሩምባው አያስተኛም።

አቡ ሲምበል በመኪና 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሄጃው ብቻ ከሦስት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል። አብዛኛው ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። በማግስቱ ደግሞ የሉክሶር መንገድ ስላለ ለእናትሽ ሁለት ቀን ተከታታይ መኪና ይሆናል። በረራ አለ፣ 45 ደቂቃ ያህል፤ ቲኬቱ ከተገኘ ከሌላ ቦታ ቀንሰሽ እሱን ክፈዪ። ካልተገኘ አንቺና ልጆቹ ሂዱ፣ እሳቸው ይረፉ። ደሴት ላይ ያለውን የፊላ ቤተ መቅደስ ግን አብራችሁ ኖቬምበር 9 ከሰዓት በኋላ እዩት፤ ከሸላል ወደብ በጀልባ ነው፣ ዋጋው ለጀልባው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም፣ መመለሻውንና የመጠበቂያ ሰዓቱን ጨምረሽ ከመሳፈርሽ በፊት ተዋዋዪ።

የሰዓት ነገር፦ ኖቬምበር ላይ ግብፅ ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከሾፌር ጋር ስትጻጻፊ በ24 ሰዓት አጻጻፍ 04:00 ብለሽ ላኪ፤ ለእናትሽ ደግሞ ከሌሊቱ 10 በያቸው።

ለየሆቴሉ የምትልኪው መልእክት አንድ ዓይነት ይሁን፦ የአራቱም ስም በፓስፖርቱ መሠረት፣ የልጆቹ ዕድሜ፣ ሦስተኛው አልጋ እውነተኛ አልጋ ነው ወይስ ታጣፊ (ፎቶ ይላኩ)፣ ሊፍት፣ የመጨረሻ ዋጋ ግብርን ጨምሮ፣ የጾም ቁርስ ያለ ዓሣ፣ በሌሊት ለምንወጣበት ቀን የታሸገ ቁርስ። በ48 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ካልመለሰ ሌላ ሆቴል ያዢ።